ከሶኬቱ ጀምሮ፦ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ክፍሎች በፈረንሳይ ለጋሲዮን

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮር አይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከመሃል ይጀምራል። ፕሮሰሰር ብቻውን ምንም አይሠራም። የሚስበው ኤሌክትሪክ ተመጥኖ እስኪቀርብለት፣ የሚያሰላው መረጃ ከዲስክ ወደ ራም፣ ከራም ወደ እሱ እስኪደርስ ይጠብቃል። ኮምፒውተር «ዘገየ» ወይም «ሞተ» ተብሎ ጥገና ቤት ሲገባ ጥፋቱ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ገዢው ያልጠየቀባቸው ክፍሎች ላይ ነው፦ ፓወር ሰፕላዩ፣ ዲስኩ፣ ራሙ፣ ፋኑ፣ አንዳንዴም ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት። ስለዚህ ይህ ዳሰሳ ከፕሮሰሰሩ አይነሳም። ከሶኬቱ ተነስቶ ኤሌክትሪኩና መረጃው የሚሄዱበትን መንገድ ይከተላል።

መንገዱን ለማየት አዲስ አበባ ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጥሩ ቦታ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሰጡት ሰፊ መሬት ነው፤ የፈረንሳዩ ሚኒስትር ሊዮንስ ላጋርድ አዲስ አበባ የገባው ከአድዋ ድል ማግስት፣ በ1889 ዓ.ም. ነበር። ኤምባሲው ከነደኑ ዛሬም እዚያው አለ፤ ዙሪያውን ግን ከአቦና ከጉራራ እስከ ቤላ ድረስ ቤት ሞልቶታል። ሰፈሩ የእንጦጦን ግርጌ ተደግፎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ይህ ቁጥር ኋላ ስለ ሙቀትና ስለ ሃርድ ዲስክ ስናወራ ያስፈልገናል።

በታክሲ መንገዱ ግራና ቀኝ «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ጠባብ ሱቆች አሉ። ኢንተርኔቱን ስልክ ወስዶታል፤ ኢንተርኔት ካፌ የሚባለው ነገር ከስሟል ማለት ይቻላል። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቪና የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አሁንም የሚጻፈው ዴስክቶፕ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፤ የየክፍሉን ብርታትና ድካም ከመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር ይልቅ ቶሎ የሚያጋልጠውም እሱ ነው።

ከግድግዳው የሚወጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱም ይህን በቀጥታ አይጠቀምም። የሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህን የሚያዘጋጀው ፓወር ሰፕላዩ ነው። መጀመሪያ የገባውን ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለውጥና ትልቅ ካፓሲተር ላይ ያጠራቅማል። ከዚያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ በትንሽ ትራንስፎርመር ያወርደዋል። ያ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ስለሚቆይ ልምድ ያለው ቴክኒሻን ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ እጁን ቶሎ አይሰድም። ዘመድ ከአሜሪካ በላከው አሮጌ ማሽን ጀርባ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ይገኛል። 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ «ጧ!» ይልና ጭስ ይወጣል። አዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ስለሚለዩ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

220 ቮልት ሲባል ሁልጊዜ 220 ነው ማለት አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ ጽሑፍ የሚጻፍበት ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ላይሞላ ይችላል። ጎረቤት ሲጋግር አምፖል የሚፈዘው ለዚህ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል፣ በዚያው ልክ ይሞቃል። ያም ሆኖ ዕቃ የሚያቃጥለው የመብራቱ መጥፋት ወይም መፍዘዝ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ አመጣጡ ነው። የሰፈሩ ማቀዝቀዣ፣ ምጣድና ፓምፕ ሁሉ ባንዴ ሲነሳ መስመሩ ላይ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው መብረቅ ይጨመርበታል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ያለ ወጪ የሚገኝ መከላከያ ነው።

ብረት ሣጥኑን ሲነኩት የሚነዝረው ነገርስ? ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ይመስለዋል። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ጫጫታ የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዙ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ሣጥኑ ብረት የተያያዙ ናቸው። ሣጥኑ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ካለው፣ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይሄዳል። ሽቦው ከሌለ፣ ወይም ባለ ሦስት እግሩ ሶኬት ሦስተኛው እግር ባዶ በሆነ ዲቫይደር ላይ ከተሰካ፣ ሣጥኑ የ220ውን ግማሽ ያህል ተሸክሞ ይቀመጣል። ካፓሲተሮቹ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ አምፔሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳም፤ ግን ፕሪንተርና ሞኒተር ሲሰካ ሲነቀል ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። መድኃኒቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ የመሬት ዘንግ ማስቀበርና ገመዱን እስከ ሶኬቱ ማስዘርጋት ነው። ኮምፒውተር መቀየር ምንም አይፈይድም።

ወደ መብራቱ መጥፋት እንመለስ፤ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መብራት በተቋረጠበት ቅጽበት ፓወር ሰፕላዩ በካፓሲተሩ ባጠራቀመው ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል። ተራው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ ተደጋግፈው ክፍተቱን ይሸፍኑታል፤ ልዩነታቸው ግን ጠባብ ነው። ካፓሲተሩ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ያን ያህል መቆየት ስለሚያቅተው ዩፒኤስ ባለበትም ማሽኑ ድርግም ይላል። ባለቤቱ ዩፒኤሱን ይራገማል፣ አዲስ ይገዛል፣ እሱም እንደ ፊተኛው ይሆንበታል። ሌላው የተለመደ ጥፋት ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው። ፕሪንተሩ ዱቄቱን ወረቀት ላይ ለማቅለጥ የሚያሞቀው ክፍል አለው፤ እሱ በተነሳ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ስለሚስብ ትንሿ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጮኻ ትጠፋለች። በውስጧ ያለው የ12 ቮልት ሊድ ባትሪ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ እምብዛም አይሄድም። እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ማብሪያው ሲጫን የሚሆነውን በዝግታ ማየት ስለ ክፍሎቹ ኅብረት ብዙ ያስተምራል። ኮምፒውተሩ «ጠፍቶ» እያለም ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ማብሪያዋን የሚጠብቃት ይህ ነው። ጣት ሲጫናት ማዘርቦርዱ «ተነሳ» የሚል ምልክት ይልካል፣ ፓወር ሰፕላዩ ሁሉንም ቮልቴጅ ያወጣል። ፕሮሰሰሩ ግን ገና ታስሮ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁ መርጋቱን አይቶ «ደህና ነው» የሚል ምልክት እስኪሰጥ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ይለቀቅና ማዘርቦርዱ ላይ ካለች ባዮስ የምትባል ቺፕ የመጀመሪያ ትእዛዙን ያነባል። ባዮስ ራሙን ትፈትሻለች፣ የምስል ካርዱን ትቀሰቅሳለች፣ ኪቦርዱን ትፈልጋለች፣ ዲስኩን አግኝታ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን እንዲጭን ታስረክባለች። በዚህ ሰንሰለት የቱ ጋ እንደቆመ ያወቀ ሰው ግማሹን ጥገና ጨርሷል። ፋኑ ዞሮ ወዲያው ከቆመ ፓወር ሰፕላዩን፣ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነና ቢፕ ቢፕ ካለ ራሙን፣ የፋብሪካው ምልክት ታይቶ ከቀረ ዲስኩን መጠርጠር ነው። የራም ችግር ሲሆን የሰፈሩ ቴክኒሻን የመጀመሪያ መሣሪያ ላጲስ ነው፦ ራሙን ነቅሎ ወርቅማ ጥርሶቹን በቀስታ ይፈገፍጋል፣ ብናኙን ያራግፋል፣ መልሶ «ቀጭ» እስኪል ይሰካል። ከሚመጡለት ማሽኖች ቀላል የማይባለው በዚህ ይነሳል።

እዚያው ማዘርቦርድ ላይ ሲአር2032 የምትባል ክብ የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱን ማስቀጠል ነው። ስታልቅ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ የሚያቀርቡት የደኅንነት ማረጋገጫ ቀን ስላለው፣ ቀኑ የተሳሳተበት ኮምፒውተር አይቀበላቸውም። «ኢንተርኔቱ አልሠራም» ብሎ ቴሌ ድረስ የደወለ ሰው ችግሩ የዚህች ባትሪ ሊሆንበት ይችላል።

ማዘርቦርዱን ሰው የሚያውቀው ሌሎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ ሆኖ ነው፤ ከባዱ ሥራው ግን አይታይም። ፕሮሰሰሩ 12 ቮልት አይችልም፣ የሚፈልገው 1.2 ቮልት አካባቢ ነው። 65 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር በ1.2 ቮልት ሲሠራ ከ50 አምፔር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ እንጀራ የሚጋግረው ምጣድ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ጥፍር የምታህል ሲሊኮን በሦስት እጥፍ አምፔር እየሠራች ነው ማለት ነው። ይህን ኃይል 12ቱን ቮልት እያወረደ የሚያቀርበው በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደረው የጥቅልልና የካፓሲተር ሰልፍ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ጭንቅላቱ ባበጠ ካፓሲተር የሞቱት እዚህ ላይ ነው። ያበጠውን ነቅሎ በአዲስ መተካት እጁ ብየዳ ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ወደ ተጠየቀው ጥያቄ እንምጣ። ፕሮሰሰሩ በ3 ጊጋኸርዝ ሲሠራ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በየምቱ መመሪያ ያነሳል፣ ይደምራል፣ ያነጻጽራል፣ ያስቀምጣል። «ኮር አይ ስንት» የሚለው ትውልዱ ካልተጨመረበት ብዙም አይናገርም። አይ7-2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 2ኛ ትውልድ ነው፤ አይ3-12100 በ2022 የወጣ 12ኛ ትውልድ። በስሙ የሚያንሰው አይ3 በአብዛኛው ሥራ አይ7ቱን ይበልጠዋል፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ትውልዱን ይነግራል፤ ገዢው ያንን ካነበበ «አይ7 ነው» ተብሎ አይሸወድም።

ሆኖም የቱም ፕሮሰሰር ቢሆን ከሚሠራበት ጊዜ የሚጠብቅበት ይበዛል። ለመረዳት ጊዜውን እንለጥጠው። ፕሮሰሰሩ ውስጡ ካለችው ካሽ መረጃ የሚያነሳበት አንድ ናኖሰከንድ አንድ ሰከንድ ቢሆን፣ ከራም ለማምጣት አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆማል። የሚንቀሳቀስ አካል ከሌለው ዲስክ፣ ከኤስኤስዲ፣ ለማምጣት ከአንድ ቀን በላይ ይጠብቃል። ከሃርድ ዲስክ ለማምጣት ግን ከመስቀል እስከ ጥምቀት ይቀመጣል። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ አይ3ን በአይ7 መቀየር ይህን ጥበቃ አያሳጥረውም። አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ጥቂት ገንዘብ ካገኘ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ራም ይግዛ፤ ፕሮሰሰር የመጨረሻው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቴክኒሻኖች የሚስማሙ ይመስለኛል፣ ሻጮች ባይስማሙም።

ሃርድ ዲስክ የሚዘገየው አካሉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ነው። 7,200 ዙር የሚባለው ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ የሚፈለገው መረጃ ዞሮ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ ማንበቢያው ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ሌላ ጥቂት። ማንበቢያው ሳህኑን አይነካም። በሳህኑ ዙረት የሚፈጠረው የአየር ግፊት ላይ ከፊቱ በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። እንግዲህ አየር ከሳሳ ይህ መንሳፈፊያ ይቀንሳል። ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ለተራ ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚሰጡት የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከወሰኑ በታች ናት፤ ከበላይዋ ያለው እንጦጦ ግን 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል ሁለቱ የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉትም፣ ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት መረጃ እንድትልክበት ጣቢያ የተተከለውም እዚያው ላይ ነው። በቺሊ አታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ላይ የተተከለው አልማ የሚባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ እዚያ አናት ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ያለ ሃርድ ዲስክ እንዲነሱ ተደርገዋል። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው ከፍታ ግድ አይሰጠውም። አየር የማያስገቡ፣ ሂሊየም የተሞሉ ሃርድ ዲስኮችም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አሉ፤ ግን ዋጋቸው ለፎቶ ኮፒ ቤት አይደለም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሃርድ ዲስክ የሚያደርገው ብልሃት አለ። ሳህኑ በፍጥነት እየዞረ ስለሆነ ሞተሩ ለቅጽበት ጄኔሬተር ይሆናል፤ ከራሱ ዙረት ባወጣው ኤሌክትሪክ ማንበቢያውን ጎትቶ ማረፊያው ላይ ያስቀምጣል። ብልሃቱ ሳህኑን ከመቧጨር ያድናል፤ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈውን መረጃ ግን አያድንም። በየቀኑ ከተደጋገመም አካሉን ይጎዳል። ኤስኤስዲ እንዲህ ያለ አካላዊ አደጋ የለበትም፤ ግን መረጃው የት የት እንዳለ የሚመዘግበውን ሰንጠረዥ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደበት ሙሉ በሙሉ ሊደነዝዝ ይችላል። ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ እየጮኸ፣ እየዘገየ፣ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ኤስኤስዲ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ላይነሳ ይችላል። ፈጣን ስለሆነ ብቻ የመመረቂያ ጽሑፍን ያለ ቅጂ እሱ ላይ መተው አያስፈልግም።

ራም ላይ ብዙ መቆየት አያሻም። መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ የሚረሳ የሥራ ማኅደር ነው፤ ሲያንስ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ እያስገባ ይሠራል፣ ያኔ ከላይ ያልነው ጥበቃ ሁሉ ይመጣል። ዲዲአር3 ዲዲአር4 ማስገቢያ ላይ አይገባም፤ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ ተለያይቷል፣ የሚታገል ሰው ማዘርቦርድ ይሰብራል። 8 ጊጋ የሚፈልግ ሰው ማስገቢያው ከፈቀደለት አንድ ባለ 8 ከሚሰካ ሁለት ባለ 4 ቢሰካ ይሻለዋል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ባንዴ ያነባቸዋል።

ሙቀት ላይ ደግሞ ከፍታው ተመልሶ ይመጣል። በ2,500 ሜትር የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ይቀንሳል። ለሰርቨር የሚወጡት መመዘኛዎች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ የሚቀንሱት ለዚህ ነው፤ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲሰላ 5 ዲግሪ ይሆናል። የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ይህን ይክሰዋል። የማይክሰው የበጋ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር ያለ፣ ሣጥኑ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀበት፣ ከላዩ ወረቀት የተከመረበት ሱቅ ነው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተጠቃሚው ቫይረስ ይመስለውና ፎርማት ያስደርጋል። ፎርማት አቧራ አይጠርግም። ሣጥኑን ከፍቶ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በብሎወር ማራገፍ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ፔስት ጠርጎ በአዲስ መተካት ግን ማሽኑን ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመልሰዋል።

ክፍሎቹ አብረው ሲሠሩ ማየት ከተፈለገ አንድ ፊደል በቂ ነው። ጸሐፊዋ «ሀ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ትነካለች። ኪቦርዱ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቁጥር በዩኤስቢ ይልካል፤ የግዕዝ መጻፊያው ሶፍትዌር ሁለቱን ቁጥሮች ራም ውስጥ ይዞ አንድ ፊደል ያደርጋቸዋል። ያ ፊደል ኮምፒውተሩ ውስጥ የዩኒኮድ ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ «ሀ» የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል። ዲስክ ላይ ሲቀመጥ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይፈጃል፣ የላቲኑ «ኤ» ግን 1 ባይት ይበቃዋል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ከፎንት ፋይሉ የፊደሉን ቅርጽ ያነሳል፣ የምስል ክፍሉ ቅርጹን ወደ ነጥቦች ለውጦ በሰከንድ 60 ጊዜ ወደ ሞኒተሩ ይልካል። «ፕሪንት» ሲባል ያው ቅርጽ እንደገና ተሰልቶ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ግን የላቲን ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ የለበሰ ስለሆነ፣ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በፍላሽ ከመጣ አሮጌ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ጋር የሚታገል ጸሐፊ ጥፋቱን ሃርድዌር ላይ ቢፈልግ አያገኘውም።

የምስል ካርድ ለጽሑፍ ሥራ አያስፈልግም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። ለሠርግ ቪዲዮ ኤዲተርና ጌም ለሚጫወት ነው ተለይቶ የሚገዛው፤ ያኔ ፓወር ሰፕላዩም አብሮ ማደግ አለበት።

የተለያየ ፋብሪካ ክፍል አንድ ሣጥን ውስጥ ገብቶ መግባባቱ በራሱ የመጣ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ አሠራሩን ክፍት አድርጎ ነበር፤ ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ ሲያወጣ የማዘርቦርድ ቀዳዳና የፓወር ሰፕላይ መሰኪያ አንድ ሆነ። መገናኛና መርካቶ ከየቦታው የተለቀመ ክፍል ተገጣጥሞ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ብራንድ የሚባሉት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ናቸው፤ ስላሽ፣ ማለትም ያገለገሉ፣ ሆነው የሚመጡት ብዙዎቹ የራሳቸው ፓወር ሰፕላይና መሰኪያ አላቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ግን ፓወራቸው ሲቃጠል ከጎረቤት ሱቅ የተገዛ አይገጥማቸውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የማንኛውም የውጭ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ይታወቃል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ራም በገፍ በመግዛታቸው በዓለም ገበያ ራም ተወደደ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቀድሞውን ማሽን አጽድቶ ማቆየት ከቁጠባም በላይ ግድ ሆኗል።

ማቆየቱ ግን አንድ እንቅፋት አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። የሰፈራችን ሱቆች ውስጥ በደህና የሚሠራው 4ኛና 6ኛ ትውልድ ሁሉ ከበር ውጭ ቀረ። ጽሑፍና ስካን ብቻ ለሚሠራ ሱቅ ሊኑክስ ያገለግላል፤ የግዕዝ መጻፊያም አለው። ደንበኛ የሚያመጣው የዎርድ ፋይል ግን አንዳንዴ ገጹ ይዛባል፣ ይህን ደንበኛ ይቅር አይልም።

ማሽኑ በቃው ሲባል ቁራሌው በር ላይ አለ። ሣጥኑን ለብረቱ፣ ገመዱን ለመዳቡ፣ የዩፒኤሱን ባትሪ ለሊዱ ይወስደዋል፤ ከዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሌላ ሕይወት ያገኛል። ራሙን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ፋኑን ቴክኒሻን ለመለዋወጫ ቢገዛቸው ይሻላል። ዲስኩ ግን ከሣጥኑ ጋር መሄድ የለበትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራ ዲስክ የሰፈሩን ሰው መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃና የኪራይ ውል ስካን ይዟል። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ የሚጠፋለት ማውጫው ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ በላያቸው ሌላ እስኪጻፍ ድረስ እዚያው ስለሚቆዩ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ይመለሳሉ። ወይ ጊዜ ወስዶ ሙሉውን ደምስሶ መስጠት፣ ወይ አራቱን ብሎን ፈትቶ ዲስኩን ማስቀረት ነው።